ማፍሰሻ ታፖ የሌለው የኋላ ዲፈረንሻል፦ ዘይቱን ቤት እንዴት ልቀይር?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ከ30 ዓመት በላይ ያላት ናት። የዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ዘይት መቼ እንደተቀየረ አይታወቅም። ከሥር ሲታይ መሙያው ታፖ (የቀዳዳው መዝጊያ ቡሎን) ክዳኑ ላይ አለ፤ ማፍሰሻ ግን የለም። ክዳኑ በ10 ቡሎን ታስሯል። ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ነዳጅ ሲረገጥ የማፏጨት ድምፅ ይሰማል። ምን ዓይነት ዘይት፣ ስንት ሊትር ልግዛ? ዘይቱ ቢቀየር ድምፁ ይጠፋል?

ኮሮናና ፒኞን
ክዳኑን ከመንካትህ በፊት መሙያውን ታፖ ፍታ። አሮጌውን አፍስሰህ ታፖው እምቢ ካለ መኪናዋ ባለችበት ቆማ ትቀራለች። ዙሪያውን በብሩሽ ጥረግ፤ አለዚያ ሲከፈት አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል።

ዘይቱ ጂኤል-5 (ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ የማርሽ ዘይት ደረጃ) ይሁን። የአብዛኛው የኋላ ዲፈረንሻል ፒኞን (ትንሹ ጥርስ) የሚገባው ከኮሮናው (ከትልቁ ጥርስ) መሃል ዝቅ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ጥርሶቹ ሲገናኙ በግፊት ይፋተጋሉ። ተራ ዘይት እዚያ መሃል አይቆይም። በውፍረት 80ደብሊው-90 ለአብዛኛው አሮጌ መኪና ይበቃል፣ ከባድ ጭነትና ሙቀት ካለ 85ደብሊው-140። የተረፈህን ግን ማንዋል ካምቢዮ ውስጥ አትጨምር፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 የነሐስ ቀለበቶቹን ይበላል።

መጠኑ ለትንሽ መኪና ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ገደማ ነው፣ ለፒክአፕ ከ2 እስከ 3። ትንሽ አትርፈህ ግዛ። ሲሞላ የሚታየው ሊትሩ ሳይሆን ከፍታው ነው፦ ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ ታችኛው ጠርዝ ላይ ደርሶ መንጠብጠብ ሲጀምር አቁም።

ባለካቫሌቶ
ክዳን ስላለው ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። ዘይቱ እንዲቀጥን 15 ደቂቃ ያህል ንዳት። የኋላውን ከማንሣትህ በፊት የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግድ፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ነው፣ እሱ ደግሞ አየር ላይ ነው። በክሪክ ብቻ ተማምነህ ከሥር አትግባ።

ቡሎኖቹን ሁሉ አላላና የታችኞቹን አውጣ። ከላይ ያሉትን ሁለቱን በጥቂት ጥርስ እንደያዙ ተዋቸው። ክዳኑን ከታች በቀስታ ፈልቅቀው። ሙሉ በሙሉ ከፈታኸው ዘይቱም ክዳኑም ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ውስጥ ያለውን፣ የብረት ፍርፋሪ የሚይዘውን ማግኔት እይ። ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ ቅርፊት ወይም የጥርስ ስባሪ ካለ ግን አዲስ ዘይት አትሙላ፣ ኩሽኔታዎቹና ጥርሶቹ መታየት አለባቸው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ውስጡን በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠበው፤ ኩሽኔታ ውስጥ የሚቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ንጹሕ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ ይበቃል።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን (የክዳኑን ማሸጊያ) ብረቱን ሳትቧጥር ፋቅ። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ካላቃናኸው ምንም ሲልከን አያድነውም። ዘይት የሚችል ሲልከን 3 ሚሊ ያህል ውፍረት፣ ከቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ሳይቋረጥ አዙር። ቡሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቅህ እሰር፤ 8 ሚሊ ከሆኑ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር። ከመሙላትህ በፊት የሲልከኑ ቱቦ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቅ።

ስትሞላ መኪናዋ ደልዳላ ትሁን። የኋላው ብቻ እንደተነሣ ከሞላህ ዘይቱ ወደ ፒኞኑ ያዘነብላል፤ ቀዳዳው ከኋላ ስለሆነ ከሚገባው በላይ ትጨምራለህ። ያ ትርፍ አረፋ ይሆንና በፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ላስቲክ) በኩል ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ያርሳል።

ድምፅ አዳማጭ
ስለ ድምፁ እኔ ልመልስ። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ይቀንስ ይሆናል፤ ካልጎደለ አይጠፋም። ነዳጅ ሲረገጥ የሚያፏጭና ሲለቀቅ የሚለወጥ ድምፅ የኮሮናና ፒኞን አገናኝ ወይም የፒኞን ኩሽኔታ ነው። መሪ ሲዞር የሚለዋወጥ ጉምጉምታ ግን የጎማ ኩሽኔታ ነው። 85ደብሊው-140 ከላይ ተጠቅሷል፤ ድምፅ ለመደበቅ ብለህ አታስገባው፣ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። «ትንሽ ጠበቅ ይደረግ» ብሎ የፒኞኑን ዳዶ የሚነካም አለ። ብዙዎቹ ውስጥ በልክ የተጨመቀ ቀለበት ስላለ፣ ያ ዳዶ ከልኩ ሲያልፍ ኩሽኔታው ይቃጠላል።

ሌላው፣ ዲፈረንሻሉ ኤልኤስዲ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድብ ዓይነት) እንዳይሆን አረጋግጥ። ሁለቱንም የኋላ ጎማ አንሣ፣ ማርሹን ነጻ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፣ አንዱን ጎማ በእጅ አዙር። ሌላው በተቃራኒ ከዞረ ተራ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ለኤልኤስዲ የተሠራ ዘይት ያስፈልገዋል፤ አለዚያ በጠባብ ኩርባ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይንቋቋል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። አንዱ ጎማ በተቃራኒ ነው የዞረው። ታፖው ግን ባለ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ነው፤ አልነቃነቅ አለ።

ኮሮናና ፒኞን
ጉድጓዱ ውስጥ የደረቀውን ጭቃ በሚስማር አውጣና የራቼቱን ጫፍ እስከ መጨረሻ አስገባ፤ ግማሽ ከገባ ማዕዘኑን ያከብበዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ንፋበት፣ አሳድረው። በማግሥቱ በመዶሻ መታ መታ አድርግና መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ ግፋው፣ ከዚያ መልሰው።

ባለካቫሌቶ
አንድ የቀረ ነገር አለ፦ አክሱሉ ላይ ያለችውን ትንሽ የመተንፈሻ ቆብ አውጥተህ ንፋባት። ከተደፈነች ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮ ያስወጣዋል። ፓራኦሊዮ ተቀይሮ ወዲያው መልሶ የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ዘይቱ አልፈስ ካለህ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየው፣ ቱቦ ባለው የእጅ ፓምፕ ሙላ። 10 ደቂቃ ንዳና ሲቀዘቅዝ ከፍታውን እንደገና እይ፤ ዘይቱ የአክሱሉ ቱቦዎች ውስጥ ስለሚገባ ትንሽ መጨመር ይኖርበታል።