የግብጽ ካህናት፦ ባለጸጋ ነበሩ ወይስ የጎተራ ጠባቂ?

አወያይ፦ ለዛሬው ክርክር መነሻ ይሁነን። ፈርዖን 3ኛው ራምሴስ ለቤተ መቅደሶች የሰጠውን የሚዘረዝር፣ ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም ፓፒረስ አለ። በቴብስ ከተማ አሙን ለሚባለው አምላክ ርስት ብቻ 86,486 ሰው፣ 421,362 ከብትና 83 መርከብ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ የካህናቱ ሀብት ነበር?

የዓባይ ልጅ፦ ምን ያጠያይቃል? ዘፍጥረት 47ን አንብቡ። በረሃቡ ዘመን ዮሴፍ የሕዝቡን መሬት ለፈርዖን ሲገዛ የካህናቱን አልነካም። ድርጎ ነበራቸው። ገበሬው መሬቱን አጣ፣ እነሱ እንደጠገቡ ከረሙ።

ዲያቆኑ፦ ወንድሜ፣ «ካህን» ስትል የትኛውን ነው? አብዛኛው «ዋብ» የሚባል ተራ አገልጋይ ነበር። ቃሉ ንጹሕ ማለት ነው። በአራት ምድብ ተከፍለው በተራ ይገባሉ። አንድ ወር አገልግሎ ሦስት ወር ወደ ቤቱ፣ ወደ ሥራው። እኛ ሰሞነኛ እንደምንለው በሉት። ለአሙን የቀረበው ዳቦ፣ ቢራና ሥጋ ከሥርዓቱ በኋላ ይከፋፈላል። ድርሻው እሱ ነው። ይህን ሰው ባለጸጋ ማለት ግፍ ነው።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ዲያቆን፣ ስለ ተራው ካህን ያልከው ትክክል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ላይኛው እርከን ነው። በዚያው በ3ኛው ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉ ሠራተኞች ቀለባቸው ዘገየ። ራበን ብለው ሥራ አቆሙ። ሄደው የተቀመጡት የት ነው? ቤተ መቅደሶቹ ጀርባ። ቀለባቸው የመንግሥት ዕዳ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን እህል የት እንደተከማቸ አሳምረው ያውቁ ነበር። የ2ኛው ራምሴስ ቤተ መቅደስ የጭቃ ጡብ ጎተራዎች እኮ ዛሬም ይታያሉ።

ከዚያ ሥልጣኑ የቤተሰብ ሆነ። ሊቀ ካህናቱ ራምሴስናኽት ሲያልፍ ልጆቹ ተተኩ። አንዱ ልጁ አመንሆቴፕ በካርናክ፣ በአሙን ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ራሱን ከ9ኛው ራምሴስ እኩል አስቀረጸ። በግብጽ ሥዕል ቁመት ማዕረግ ነው። ንጉሥ ፊት የቆመ ሰው አንሶ ነው የሚሳለው። እሱ ግን አላነሰም።

የዓባይ ልጅ፦ ይኸው! ሊቀ ካህናቱ ሄሪሆር ደግሞ ጭራሽ ስሙን የነገሥታት ስም በሚጻፍበት ሞላላ ክብ ውስጥ አስቀረጸ።

ዲያቆኑ፦ ሄሪሆር የጦር አዛዥም ነበር። ጉልበቱ ከዕጣን ብቻ አልመጣም። መሬቱንም እንይ። በ5ኛው ራምሴስ ዘመን የተጻፈ የመሬት መዝገብ አለ። በቤተ መቅደስ መሬት ላይ ወታደር፣ ባልደራስ፣ ሴቶችም ሳይቀሩ ይዞታ ነበራቸው። የበላው ካህን ብቻ አይደለም።

የታሪክ ተማሪዋ፦ እቀበላለሁ። መሬቱ ብዙ ሰው አብልቷል። ግን ይዞታ መያዝና ጎተራ ማስከፈት ለየቅል ናቸው። እነዚያ መቃብር ፈልፋዮች ያለፈው ወር ቀለባቸው የተሰጣቸው ቤተ መቅደሱ ድረስ ሄደው ከጮኹ በኋላ ነው።