ዴስክቶፑ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ፎርማት ይደረግ የሚሉኝን ልስማ?

ኮፒ ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ሥራው ሁሉ የሚሠራው በአንድ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ትናንት ከሰዓት መብራት ሄደ፣ ቆይቶ መጣ፣ ወዲያው ተመልሶ ሄደና እንደገና መጣ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ፋኑ ይሽከረከራል፣ ፊት ለፊት ያለችው መብራትም ትበራለች፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ጥቁር። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ሎጎ እንኳን አይመጣም።

ጥገና ቤት ደውዬ ስነግረው ሳያየው "ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ነው፣ አምጣውና ፎርማት ላድርግልህ" አለኝ። ውስጡ ግን የደንበኞች ሥራ አለ። ውል አለ፣ ማመልከቻ አለ፣ የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍም አለ። ልጅቷ የምታስረክበው በዚህ ሳምንት ነው፣ እሷ ፍላሽ ላይ ያለው ደግሞ እርማት ያልገባበት ነው። ፋይሎቹ ከጠፉ ምን ብዬ ፊቷን አያለሁ?

ካቻቪቴ ይዤ ሲስተም ዩኒቱን መክፈት እችላለሁ፣ አልፈራም። ከየት ልጀምር የሚለውን ነው ያጣሁት። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

የቦርድ ሰው

ወንድሜ፣ ፎርማቱን ለጊዜው እርሳው። ሎጎ ሳይመጣ የጠቆረ ስክሪን ከዊንዶውስ ጋር አይገናኝም።

ኮምፒውተር ስትከፍተው መጀመሪያ የሚሠራው ባዮስ ነው። ባዮስ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ነው። ፕሮሰሰሩን ያያል፣ ራሙን (ሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዘውን ክፍል) ይፈትሻል፣ ምስል የሚያወጣውን ክፍል ያስነሳል፣ ሎጎውንም የሚያሳይህ እሱ ነው። ዊንዶውስን ከዲስኩ ላይ መጫን የሚጀምረው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያንተ ኮምፒውተር እዚያ አልደረሰም። ዲስኩን ነቅለህ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጠው እንኳን ጤነኛ ማሽን ሎጎውን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ባዶ ዲስክ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ቢጭንልህ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ያኔ ደግሞ ፋይሉም የለም።

የልጅቷ ጽሑፍ በጣም የሚያስቸኩል ከሆነ ዲስኩን አውጥተህ በሳታ ወደ ዩኤስቢ ማገናኛ ኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ዛሬውኑ ኮፒ ማድረግ ትችላለህ። ኬብሉ ብዙ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ውስጥ አለ። ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ብቻ የመክፈቻ ቁልፉን ይጠይቅሃል። ሳጥን ውስጥ ያለው ችግር ምንም ይሁን፣ ፋይሉ እጅህ ከገባ በኋላ ተረጋግተህ ትሠራለህ።

አሁን የት ላይ እንደቆመ እንወቅ። ከፍተኸው ሞኒተሩን እይ፤ "ኖ ሲግናል" የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል? እሱ ከመጣ ሞኒተሩ ራሱ ደህና ነው፣ ምስል የሚልክለት ነው ያጣው። ቀጥሎ ትንሽ ጠብቅና ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ተጫን። መብራቷ የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ ማሽኑ ውስጥ ውስጡን ተነስቷል፣ የጎደለው ምስሉ ብቻ ነው። ካፕስ ሎክ ምንም ካላለች ገና መጀመሪያው ላይ ተሰናክሏል። የፊት መብራቷንም ቀለም ተመልከት፤ ቋሚ ነው ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ብልጭታው ትርጉም አለው። ብዙዎቹ የዴል ዴስክቶፖች ላይ ለምሳሌ ብርቱካናማው 2 ጊዜ፣ ነጩ 3 ጊዜ ብልጭ ካለ ራም አላገኘሁም ማለቱ ነው። ቢፕ የሚል ድምፅ ካለም ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጠርልኝ።

የሐዋሳ ልጅ

ሳጥኑን ከመክፈትህ በፊት ጀርባውን እይ። ኬብሉ የተሰካው የት ነው? ለብቻው የተገጠመ ቪጂኤ ካርድ (ምስል የሚያወጣ ካርድ) ካለው ኬብሉ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው ለጽዳት ነቅሎ ሲመልስ ይሳሳተዋል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ካለው ደግሞ ራሱ ምስል ማውጣት አይችልም፣ ያለ ካርድ ብትከፍተው ሁልጊዜም ጥቁር ነው።

ሞኒተሩም በተሳሳተ መግቢያ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚዞሩ አሉ። በሞኒተሩ ቁልፍ መልሰው። ምንም ጽሑፍ ካላሳየ ጨለም ያለ ቦታ ላይ የስልክህን ባትሪ አብርተህ ስክሪኑ ላይ አስጠግተህ በጎን እይ። ደብዘዝ ያለ ምስል ካለ የሞኒተሩ የጀርባ መብራት ነው የሞተው፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም።

ኮፒ ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲስኩን አውጥቼ ጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ አየሁት፣ ሁሉም ፋይል አለ! የልጅቷን ጽሑፍ ኮፒ አድርጌ ሰጠኋት፣ የቀሩትንም አውጥቻለሁ። አሁን ተንፈስ ብያለሁ።

የጠየቃችሁኝን ደግሞ አይቻለሁ። ቪጂኤ ካርድ የለውም፣ ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ በሌላ ኬብልም ሞክሬዋለሁ። "ኖ ሲግናል" ይልና የሞኒተሩ መብራት ወደ ብርቱካናማ ይቀየራል። ካፕስ ሎክ ዝም ነው። የፊቷ መብራት ነጭ ሆና ቋሚ ናት። ቢፕ የለም።

የቦርድ ሰው

በጣም ጥሩ፣ ፋይሎቹ መውጣታቸው ትልቁ ነገር ነው። አሁን የቀሩት ተጠርጣሪዎች ራም፣ ፓወር ሰፕላይ (ለውስጡ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) እና ማዘርቦርድ ናቸው። ከቀላሉ እንጀምር፣ እሱም ራም ነው። ያገለገሉ የቢሮ ማሽኖች ላይ ደጋግሜ ያየሁት እሱን ነው፣ በተለይ አቧራ በሚበዛበት ቤት።

ገመዱን ከግድግዳው ንቀል። ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀለው። ከዚያ የፓወር ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነህ ያዝ፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ። ሽፋኑን ክፈትና የሳጥኑን ባዶ ብረት በእጅህ ንካ፣ ሰውነትህ ላይ ያለው ስታቲክ ራሙን እንዳይጎዳው። ራሙን ከዳርና ዳር የያዙትን ማቀፊያዎች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጋቸው ራሱ ብቅ ይላል። በጠርዙ ያዘው፣ ወርቃማዎቹን ጥርሶች በጣትህ አትንካ። ብርሃን ላይ ይዘህ እያቸው። ንጹሕ ከሆነ ያብረቀርቃሉ፣ ካልሆነ ጠቆር ያለ ወይም ጉም የመሰለ ነገር ለብሰው ታገኛቸዋለህ። ነጭ ላጲስ ያዝና ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ጠርዙ አቅጣጫ ቀስ ብለህ እሻቸው፣ የላጲሱን ፍርፋሪ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረግ። ፍርፋሪው ማስገቢያው ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ማስገቢያውንም እንዲሁ በብሩሽ ጥረገው።

ሁለት ራም ካለው ሁለቱንም አትመልስ። አንዱን ብቻ አስገባ፣ ማቀፊያዎቹ ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ድረስ በሁለት አውራ ጣት ጫን፣ ክፈተው። ካልሆነ ያንኑ ራም በሌላው ማስገቢያ ሞክር። ከዚያ በሁለተኛው ራም ድገመው። በየመሐሉ ገመዱን መንቀል እንዳትረሳ። ራም ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ከወትሮው ሊዘገይ ስለሚችል አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሠው፣ ቶሎ አታጥፋው።

በየትኛውም ካልሆነ ራሙን ሙሉ በሙሉ አውጥተህ ባዶውን ክፈተው። ቢፕ ማለት ከጀመረ ወይም የፊት መብራቷ መልኳን ከቀየረች ቦርዱና ፕሮሰሰሩ በሕይወት አሉ፣ ራም ስጡኝ እያለ ነው። በዚህም ዝም ካለ ወደ ፓወር እንሄዳለን። ፋን ዞረ ማለት ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሄድ የተለየ ገመድ አለ፣ አብዛኛው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ነው፤ እሱ ከላላ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል። ነቅለህ አጥብቀህ ሰካው። ቴስተር ያለው ሰው ካገኘህ የ12 ቮልቱ መስመር በ11.4 እና በ12.6 መካከል መሆን አለበት። የፓወር ሰፕላዩን የራሱን ሳጥን ግን እንዳትከፍት፣ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። መግዛት ካለብህም አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ የቢሮ ማሽኖች ብዙ ጊዜ መሰኪያቸው ከተራው ይለያል።

እዚያው እያለህ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ እያት። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ገመዱ ተነቅሎ ባትሪዋን ትንሽ አውጥቶ መመለስ የባዮሱን ማስተካከያ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል፣ ማስተካከያው ከተዛባ ይሄ ብቻውን የሚያስነሳበት ጊዜ አለ።

ከሜሪላንድ

እኔ ካለሁበት ወደ አገር ቤት ኮምፒውተር የሚልክ ብዙ ሰው ስላለ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ኤሌክትሪኩ 120 ቮልት ነው፣ እዚያ 220። አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ራሳቸው ይለያሉ፣ ችግር የለም። አሮጌዎቹ ላይ ግን ጀርባቸው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለ። 115 ላይ እንደሆነ አዲስ አበባ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል፣ ቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለእናት ለአባታችሁ፣ ለወንድም እህቶቻችሁ የምትልኩ፣ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማዞሪያውን 230 ላይ አድርጉትና በላዩ ፕላስተር ለጥፉበት።

ኮፒ ቤት

ተነሳ! ሁለት ራም ነበረው። አንደኛው ጥርሱ ጠቁሮ ነበር፣ በላጲስ አሽቼው ንጹሕ ቢሆንም በየትኛውም ማስገቢያ ብቻውን አያስነሳም። ሁለተኛውን ብቻ ሳስገባ ሎጎው መጣ፣ ዲስኩን ስመልስ ዊንዶውሱም ገባ። አንድም ነገር አልጠፋም።

ሁለት ነገር ግን ቀረ። አንደኛ ዘገምተኛ ሆኗል። ሁለተኛ ኢንተርኔት ስገባ ሁሉም ድረ ገጽ "ግንኙነትዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም" ይለኛል። ቫይረስ ይሆን?

የቦርድ ሰው

እሰይ! መዘግየቱ የራሙ ግማሽ ስለወጣ ነው፤ አዲስ ስትገዛ የሚሠራውን ይዘህ ሂድ፣ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከገጠምከው በኋላ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ማታ ከፍተህበት እደር፣ አንድ ስህተት እንኳን ካሳየ መልስላቸው።

የኢንተርኔቱ ነገር ቫይረስ አይመስለኝም። ከታች በቀኝ በኩል ቀኑን እይ። ባትሪዋ ከደከመች ማሽኑ ሲነቀል ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል፣ ቀኑ ሲዛባ ደግሞ ብራውዘሩ የድረ ገጾቹን የደህንነት ምስክር ወረቀት አይቀበልም። ባትሪዋን ቀይር፣ ቀኑን አስተካክል።

አሁን ደግሞ መብራቱን እናስብበት። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፍቶ መቀመጥ አይበቃም፣ ከሶኬቱ ንቀል። ሲመጣም ወዲያው አትሰካ፣ እስኪረጋጋ ጠብቅ፤ አንተን ያገኘህ ያ ሄድ መጣ ማለቱ ሳይሆን አይቀርም። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክልልሃል እንጂ መብራት ሲሄድ አይዝልህም፤ ሴቭ አድርገህ ለማጥፋት የሚያደርስህ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ኮፒ ቤት ስለሆንክ ይሄን አደራ፦ ሌዘር ፕሪንተሩንና ኮፒ ማሽኑን ከዩፒኤሱ ጋር እንዳታገናኝ። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ማሞቂያ በተነሳ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ትንሽ ዩፒኤስ አይችለውም። እዚያ የሚሰኩት ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ብቻ ናቸው።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ በእሱ ጥያቄ መሐል ስገባ። የኔ ሎጎው ይመጣል፣ ዊንዶውሱም ይሽከረከራል፣ ከዚያ ይጠቁርና የማውሱ ቀስት ብቻ ይታያል። ይሄም ራም ነው?

የቦርድ ሰው

አይደለም እህቴ፣ ያንቺው ወደ ዊንዶውሱ ያደላል። ቀስቱ ከታየ ማሽኑ ተነስቷል። መጀመሪያ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ የምስሉን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከምስል ክፍሉ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) እንደገና ያስነሳዋል። ካልሆነ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት ብለሽ ታስክ ማናጀር ክፈቺና ራን ኒው ታስክ ላይ "ኤክስፕሎረር" ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ። ዴስክቶፑ ከመጣ ፋይሎችሽን መጀመሪያ ኮፒ አድርጊ።

ይሄም ካልሠራ ዊንዶውሱ መሽከርከር ሲጀምር የፓወር ቁልፉን ይዘሽ አጥፊው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደገምሽው የጥገና ገጹን ራሱ ያወጣልሻል። ከዚያ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተሽ ሪስታርት በይው፣ ሲመጣ 4ን ተጫኚ፣ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ፣ ይነሳል። በሴፍ ሞድ ምስሉ ደህና ከሆነ ድራይቨሩ ነው፤ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተሩን አንኢንስቶል አድርጊና እንደገና አስነሺው። ያየሽውን ለራስሽ አዲስ ጥያቄ ከፍተሽ ጻፊልን፣ የማሽኑን ሞዴልና መቼ እንደጀመረው ጨምሪበት፣ በተለይ ከዝማኔ በኋላ ከሆነ።