የሚሲዮን ትንሽ አውሮፕላን ወደ ቆላው ቀበሌያችን ማምጣት ይቻላል?

አዋላጇ ከድሬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬ፣ ከዚራ ነው። የምሠራው ግን ከኤረር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ቆላ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። አምቡላንስ ተመድቦልናል ይባላል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ስደውል "ጎማ የለውም" ተባልኩ። እናትየዋ በአይሱዙ፣ ከፍየሎች ጋር ተጭና ድሬ ደረሰች። እሷ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም።

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። ቦታው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው። ማፍ የሚባል የሚሲዮን አቪዬሽን ድርጅት ነው አሉ። ትንሽ አውሮፕላን ተራራ ላይ፣ ሣር ላይ ታርፋለች። ነፍሰ ጡሯን ጭና ትነሳለች። እኛ ጋ ደግሞ ሜዳ በሽ ነው! ምን ያህል ርዝመት ማጽዳት አለብን? ነዳጁስ? ማንን ነው የምንጠይቀው? የቀበሌው ሽማግሌዎች "ድንጋዩን እኛ እንለቅማለን" ብለውኛል። አቦ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። "ጸልዪ" የሚለውን መልስ ከእናቴ አገኛለሁ፣ እሱን ተዉት።

ጋሼ ፕሮፔለር፦
ልጄ፣ ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሁን ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ጡረታ ላይ ነኝ። ወሬ ሲገኝ ደስ ይለኛልና ትንሽ ላርዝምብሽ።

ሜዳው ጥሩ ነው። እኔ የምፈራው ሙቀቱን ነው። የድሬ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ይሳሳል። ያኔ ሞተሩም ክንፉም የሚሠሩት ከ2,100 ሜትር በላይ እንዳሉ ሆነው ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። እንግዲህ ድሬ መሬት ላይ የቆመች አውሮፕላን፣ በራሷ ስሌት ከሐረር በላይ ናት ማለት ነው። ስለዚህ የሚሲዮን አብራሪዎች ማልደው መብረር ይወዳሉ። ሰውንም ከነሻንጣው ሚዛን ላይ ያወጡታል። እዚያ ኪሎ መደበቅ የለም።

ኮዲያክ የምትባል አውሮፕላን አለች። ለዚሁ ሥራ ታስባ የተሠራች ናት፤ መጀመሪያ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሙሉ ጭና 300 ሜትር በማይሞላ ሜዳ ትነሳለች። ይህ ግን በባሕር ወለል ከፍታ፣ ቀዝቀዝ ባለ አየር ነው። ለእናንተ ቆላ እኔ ብሆን እጥፉን አስለካለሁ፣ ከዚያ ለፍርሃቴ እጨምርበታለሁ። ሜዳው ደግሞ አንዴ ተጠርጎ አይቀርም። ዝናብ ይቦረቡረዋል፣ ምስጥ ኩይሳ ይሠራበታል፣ ከብት ይተኛበታል። አብራሪው ከብቱን ለማባረር መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ማለፍ ሊኖርበት ይችላል።

ነዳጅ ላልሽው፣ ድሮ የሚሲዮኖቹ የጭነት አህያ ሴስና 206 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ፒስተን ሞተር ስለሆነች አቭጋዝ የሚባለውን የአውሮፕላን ቤንዚን ነው የምትጠጣው። አቭጋዝ በአፍሪካ እንደልብ አይገኝም፣ ሲገኝም እሳት ነው። ካራቫን የምትባለው ሌላዋ አውሮፕላንና ኮዲያክ ግን ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚቀዱትን ነዳጅ ይቀዳሉ። ድርጅቶቹ ወደነሱ የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌሊቱስ? ቆላ ሜዳ ላይ መብራት የለም። አብራሪው የሚያርፈው በዓይኑ አይቶ ነው። ፀሐይ ከገባች አይመጣልሽም። ምጥ ደግሞ ሌሊት ይወዳል፣ ያንን አንቺ ትነግሪኛለሽ።

ስለ ፓፑዋ ግን አንድ ነገር ልበል። እዚያ ዋና ከተማዋ ፖርት ሞርስቢ እንኳ ከደጋው ክፍል ጋር በመኪና መንገድ አትገናኝም። ማፍ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ እዚያ የሚለፋው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ማረፊያ ዳገት ላይ ስለሆነ ሽቅብ ያርፋሉ፣ ቁልቁል ይነሳሉ። አውሮፕላን ከቀረ ያለው አማራጭ የቀናት የእግር መንገድ ነው። አንቺ ጋ ግን አይሱዙ ገብቶ ወጥቷል። የጎደለሽ ጎማ ነው ልጄ።

የጁገል ልጅ፦
እኔም ልጠይቅ። እኛ ሐረር ሙስሊም ነን፤ አዋላጇ የምትሠራበት ቀበሌም ያው ነው። "ሚሲዮን" የተባለ አውሮፕላን ሲመጣ ሽማግሌው ድንጋይ ይለቅማል ወይስ ይወረውራል? እየቀለድኩ አይደለም። እርዳታው ከስብከት ጋር ነው ወይስ ለብቻው? መጀመሪያ ይህ ይጥራ።

አዋላጇ ከድሬ፦
ነግሬያቸዋለሁ፣ አልደበቅኩም። አንዱ ሐጂ "ልጄን ሆስፒታል ያድርስልኝ እንጂ ማንም ይሁን" አሉ። ሌላው ዝም አሉ። ዝም ያሉትን እንደተስማሙ አልቆጠርኳቸውም።

ጋሼ ፕሮፔለር፦
የጁገሉ ልጅ ጥያቄ ተገቢ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ሃይማኖታቸውን አይደብቁም። ማፍን እ.ኤ.አ. በ1945 የመሠረቱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያበረሩ ሰዎች ናቸው። ዓላማቸውም ሚሲዮናውያንን መንገድ ወደሌለበት ማድረስ ነበር። በሽተኛ መጫን ከዚያ ጋር አብሮ የመጣ ሥራ ነው። ለእኔ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሰውየው ማን እንደሆነ አውቆ ይሳፈር፣ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ።

የእኛው የድሮ ሐረርጌም በዚህ ነገር ታሪክ አለው። ጎዴ ያኔ ሐረርጌ ነበረች። ዶን ማክሉር የሚባል አሜሪካዊ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ እዚያ ይሠራ ነበር። መጋቢት 1969 ታጣቂዎች ገደሉት። ሐምሌ ላይ ደግሞ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እዚያው ጎዴ ተገደለ። እሱ ሚሲዮናዊ አልነበረም። ጣሊያን ሲወረን የቀይ መስቀል አውሮፕላን አብርሮልናል። በኋላም አየር ኃይላችንን ካቋቋሙት አንዱ ነው። በ1966ቱ ድርቅ ዘመን ደግሞ ማረፊያ ለሌለው ሕዝብ እህል በትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር አንጠልጥሎ፣ ዝቅ ብሎ ይጥል ነበር። ስሙ በእኛ ሰፈር አለመነሳቱ ያናድደኛል።

ለጎዴ ወገን አውሮፕላን ያስፈልጋል፣ ርቀቱ ሌላ ነው። በቅርብ ዓመታትም የዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚያስተዳድረው የሰብዓዊ በረራ የረድኤት ሠራተኞችን ወደ ሶማሌ ክልል ሲያመላልስ ቆይቷል። ለኤረር ግን አልፈርምም።

ላብራቶሪ ሐረር፦
አውሮፕላኑ ባይመጣ ደም ብቻ ቢላክስ? ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዚፕላይን የሚባል ኩባንያ በድሮን ደም በፓራሹት ይጥላል። አብራሪ አይሳፈርበትም።

አዋላጇ ከድሬ፦
ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ደሙ እጄ ላይ ቢወድቅም የእኛ ጤና ጣቢያ ደም አይሰጥም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መድማት ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይሰጥ ይችላል። ጋሼ፣ እውነትህን ነው፤ አብራሪ ተጠርቶ፣ ነዳጅ ተቀድቶ፣ እስኪደርስ ያልቃል። ለእኔ የሚሻለው እናቶቹ ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት ቤት ነው። የእናቶች ማቆያ ተሠርቶልን ነበር፣ አሁን የስንዴ መጋዘን ሆኗል። እሱን ማስለቀቅ ይቻላል። መኪናው ግን ያስፈልገኛል፤ ሁሉም እናት ቀኗን ጠብቃ አትመጣም።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦
እህቴ፣ ድንጋይ ሊለቅም የተስማማ ሽማግሌ ብርም ያዋጣል። አምቡላንሱ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው አይደል? ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ለጥፊው። 7.50-16 ከሆነ ድሬ ደህና ያገለገለ አላጣም። ካላንደሪያውንም፣ የውስጡን ጎማ ማለቴ ነው፣ አብረሽ እዪው፣ በዚያ ድንጋይ ጎማው ብቻውን አይቆይም።

አዋላጇ ከድሬ፦
7.50-16 ነው። አራቱም አልቀዋል፣ ቅያሪም የለም። ስንት ይላሉ?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦
አምስቱን ባንዴ ከወሰድሽ እከራከርልሻለሁ። ሰኞ ድሬ እገባለሁ፣ ያኔ ዋጋውን እጽፍልሻለሁ።