አስቸኳይ! 5.0 ጊጋኸርዝ ላይ ሲኔቤንች ያልፋል፣ ኤክስፖርት ላይ ግን ይሞታል

ቀለበት ቪዲዮ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡10)
ሰላም ቤቶች፣ በናታችሁ አስቸኳይ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ (ያቀናበርኩትን ወደ አንድ ፋይል ሳወጣ) 70 ፐርሰንት አካባቢ ሲደርስ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን፣ ከዚያ ሪስታርት። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ሞተ። ሙሽሮቹ ቅዳሜ ማታ ወደ ዋሽንግተን ይበራሉ። ፕሮሰሰሩ አይ7 8700ኬ ነው፣ ኦቨርክሎክ አድርጌ 5.0 ጊጋኸርዝ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እሱ ግን ችግር የለበትም፣ ሲኔቤንች አር23 የሚባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ 10 ደቂቃ አስኪጄው አልፏል። ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ይሆን? ዊንዶውስ እንደ አዲስ ልጫን?

ሽቦ በጣሽ
ወንድሜ ዊንዶውስ ጫን። እኔ ጋ ሠርቷል።

የጀሞው
ከፍለውሃል? ካልከፈሉ 70 ፐርሰንቱን ላክላቸው። ኬክ ቆረሳው ድረስ ይበቃል።

ጋሽ ትራንዚስተር
ልጆቼ፣ መጀመሪያ ኦቨርክሎክ ምን እንደሆነ እንወቅ። ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ነው። በ1998 በፈረንጅ አቆጣጠር ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ፕሮሰሰር ወጣ። ባሱን (ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር) ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ስናሳድገው በ300 ዋጋ 450 ሜጋኸርዝ አገኘን። ያኔ እኛም ዊንዶውስ ከተነሳ ያለቀ ይመስለን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ዚፕ ያደረግነው ፋይል አልከፈት ይላል! ፕሮሰሰሩ ዝም ብሎ ሒሳቡን ሲሳሳት ከርሟል። አንድ ፈተና አለፈ ማለት ያንን ፈተና አለፈ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ስለ ማቀዝቀዣም ብዙ የምለው አለኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቀለበት ቪዲዮ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን መፍትሔውን ይንገሩኝ። ደሞ ወንድሜ ያልከኝ ልጅ፣ እህትህ ነኝ።

ሽቦ በጣሽ
ይቅርታ እህቴ። ዊንዶውስ ጫኚ።

ባለ ስታቢላይዘር
ፕሮሰሰር ምናምን አይደለም፣ መብራት ነው። ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል። በምን ሰዓት ነው የሚሞተው?

ቀለበት ቪዲዮ
ዩፒኤስ ላይ ነው ያለው። ጠዋትም ሞቷል።

ኮር ስድስት
እህት፣ ዊንዶውስ አትጫኚ። ግማሽ ሌሊት ትፈጂና እዚያው ትመለሻለሽ። እነዚህን ንገሪኝ፦ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ከታች ምን ተጽፏል? ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚገባበት የማሽኑ ሴቲንግ) ላይ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ስንት አደረግሽው? ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው ሴቲንግ) በርቷል? ማቀዝቀዣው ምንድን ነው? ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን የማሽን መከታተያ ፕሮግራም ክፈቺና ኤክስፖርት ጀምረሽ ሙቀቱንና ቮልቴጁን እዪ።

ቀለበት ቪዲዮ
ክሎክ ዋችዶግ ታይምአውት ይላል። ቮልቴጅ 1.28። ኤክስኤምፒ 3200 ላይ በርቷል። ማቀዝቀዣው የአየር ነው፣ ባለ አንድ ፋን። ኤችደብሊው ኢንፎን አሁን ከፈትኩት። ኤክስፖርት ሲጀምር 1.28 የነበረው ወደ 1.21 ወረደ፣ ሙቀቱ 94። ያማል እንዴ?

የጀሞው
94? እዚያ ላይ ቡና ይቆላል።

ኮር ስድስት
ያማል። ስህተቱ ማለት አንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት ሒሳብ ሠሪዎች አንዱ) ሲጠራ በሰዓቱ አልመለሰም ማለት ነው። ኦቨርክሎክ የተደረገ ማሽን ላይ ብዙውን ጊዜ የቮልቴጅ እጥረት ነው። ባዮስ ላይ 1.28 ብትጽፊም ጭነት ሲመጣ ይወርዳል፣ ራስሽ አይተሽዋል። ለ5.0 ደግሞ 1.21 ለአብዛኛው 8700ኬ አይበቃውም። ቮልቴጅ እንዳትጨምሪ ግን፣ 94 ላይ ነሽ፣ 100 ሲደርስ ለመቀዝቀዝ ፍጥነቱን ራሱ መቀነስ ይጀምራል። የዚህ ፕሮሰሰር ክዳን ውስጥ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት (ቅባት) ነው እንጂ ብየዳ አይደለም፣ ስለዚህ ሙቀት ቶሎ አይለቅም።

ዛሬ ማታ፦ ባዮስ ግቢ፣ ሁሉንም ወደ ዲፎልት (የፋብሪካው ሴቲንግ) መልሺ፣ ኤክስኤምፒንም አጥፊ፣ ኤክስፖርት አድርጊ። በዲፎልት ሁሉም ኮር ሲሠራ 4.3 ይሄዳል። አንድ ሰዓት የሚፈጀው አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ቢፈጅብሽ ነው። ለ10 ደቂቃ ብለሽ ነው ሌሊቱን ሙሉ የምትሰቃዪው!

ዱባይ ያለሁ
እኔ ጋ ያው 8700ኬ በአየር ማቀዝቀዣ 5.0 ላይ 80 ዲግሪ አያልፍም። አገጣጠምሽ ላይ ነው ችግሩ።

ኮር ስድስት
አንተ ዱባይ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነህ፣ ኤሲም አለህ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። የውጭ ሰው ሙቀት አይቶ መቅዳት እዚህ አይሠራም።

የጀሞው
እንጦጦ ላይ ኦቨርክሎክ ክልክል ነው በለና።

ጋሽ ትራንዚስተር
ስለ ማቀዝቀዣ እመለሳለሁ ያልኩት ይሄንኑ ነበር።

ፕራይም ጠል
ሰዎች፣ ደግሞ ፕራይም95 የሚባለውን መፈተኛ አስኪጂ እንዳትሏት። ማንም በቀን ተቀን የማይሠራውን ሥራ ነው የሚያሠራው። ፕሮሰሰር ማሰቃያ ነው።

ኮር ስድስት
ልላት ነበር፣ ግን ከቅዳሜ በኋላ። ፕራይም መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ሒሳብ ነው የሚሰጠው፣ መልሱ ከተዛባ በዚያ ኮር ላይ የሚሄደውን ፈተና ያቆመዋል። «ራውንዲንግ 0.5 ሆነ፣ ከ0.4 በታች ይጠበቅ ነበር» የሚል ቀይ መስመር ካየሽ ማሽኑ ባይጠፋም ወድቀሻል። ሙቀቱን እያየሽ ስሞል ኤፍኤፍቲ የሚለውን የፕራይም ፈተና አስኪጂው፣ 90 ካለፈ አቁሚው። ለነገሩ ፕራይም ጠል ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ የሚያወጣው ሙቀት ከኤክስፖርትሽ ይብሳል። ግን ቪዲዮ ኢንኮድ ሲደረግም ኤቪኤክስ የሚባሉት ከባድ ትእዛዞች ይሠራሉ። ባዮስ ላይ ኤቪኤክስ ኦፍሴት የሚል አለ፣ 2 ካደረግሽው እነሱ ሲመጡ 5.0 የነበረው ወደ 4.8 ይወርዳል። እኔ ብሆን ግን ጭራሽ 4.8 ላይ አድርጌ እተወዋለሁ።

ራሙን ለብቻው ሜምቴስት86 በሚባለው የራም መፈተኛ ፈትኚው፣ ሌሊት ተዪው። የዚህ ፕሮሰሰር ኦፊሴላዊ የራም ፍጥነት 2666 ነው፣ ስለዚህ 3200 ራሱ ኦቨርክሎክ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከፈተንሽ ማን እንደጣለሽ አታውቂም። ሁሉም ካለፈ ያንኑ የሠርግ ፕሮጀክት ሁለት ሦስቴ ኤክስፖርት አድርጊው። ለአንቺ ከሱ የተሻለ ፈተና የለም። ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ መዝገብ) ላይ ደብሊው ኤች ኢ ኤ የሚል የሃርድዌር ስህተት ማስጠንቀቂያም ካየሽ ማሽኑ ባይሞትም ችግር አለ።

ደሞ አንድ ነገር፣ በዚህ 5.0 ላይ ሠርተሽ ያስረከብሽው ሌላ ሠርግ ካለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዪው። ሒሳብ ሲሳሳት ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አያመጣም። አንዳንዴ የሙሽራዋ ቬሎ ላይ አረንጓዴ ካሬ ነው የሚያመጣው።

ቀለበት ቪዲዮ
ኧረ! ባለፈው ሳምንት አንዷ «ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ አለ» ብላኝ ነበር፣ ስልክሽ ነው አልኳት። ባዮስ ልገባ ነው።

ባለ ስታቢላይዘር
አሁንም መብራት ነው እላለሁ።

ኮር ስድስት (ቅዳሜ፣ ቀን 6፡40)
እህት፣ አለቀልሽ? ቮልቴጁ ስንት ሆነ?

የጀሞው (ቅዳሜ፣ ማታ 4፡00)
አውሮፕላኑ እየተነሳ ይሆናል።

ሽቦ በጣሽ (እሁድ)
ዊንዶውስ ጭና ይሆናል።

አዲስ ገቢ (ከአራት ወር በኋላ)
ሰላም፣ እኔም ጋ ያው ችግር ነው፣ ግን የኔ ፕሮሰሰር ራይዘን 5 3600 ነው፣ ኤክስፖርት ሳይሆን ጌም ላይ ነው የሚሞተው። ልጅቷ በመጨረሻ ምን አደረገች?