«ኢፍ አይ ዎዝ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት?

ጥያቄው፦ ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ኢፍ አይ ዎዝ ሪች፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ሃውስ» (ሀብታም ብሆን ቤት እገዛ ነበር) ብሎ ጻፈ። መምህሩ «ዎዝ»ን (was) ሰርዞ «ወር» (were) አደረገና ግማሽ ነጥብ ቀነሰ። አግባብ ነው?

አቤል፦ አይደለም። እንግሊዞቹም አሜሪካኖቹም ሲያወሩ «ኢፍ አይ ዎዝ» ይላሉ። ምኞት መሆኑን «ዉድ» ይናገራል፤ «ዎዝ» ስላለ ሀብታም ነው ብሎ የሚሳሳት የለም። ስህተትስ «ኢፍ አይ ዉድ ቢ ሪች» ነው፤ ቀይ እስክሪብቶው እዚያ ይዋል።

ሒሩት፦ ለወሬ ይሁን። ለመደበኛ ጽሑፍ ግን «ወር» ይጠበቃል፤ «ኢፍ አይ ወር ዩ» (አንተን ብሆን) ደግሞ ወሬም ላይ የጸና ነው። እኔን የሚያሳስበኝ «ከኢፍ በኋላ ሁሌ ወር» የሚለው ትምህርት ነው። ተማሪው «ኢፍ አይ ወር ሩድ የስተርደይ፣ አይም ሶሪ» ብሎ ይመጣል። ትናንት አስቀይሜ ሊሆን ይችላል፤ ሊሆን የሚችል ያለፈ ነገር «ዎዝ» ነው። «ሂ አስክድ ኢፍ አይ ዎዝ ሬዲ»ም (ዝግጁ መሆን አለመሆኔን ጠየቀ) እንደዚሁ፤ «ኢፍ»ን በ«ዌዘር» (whether) መተካት ከተቻለ «ወር» አይገባም።

ጋሽ ታዬ፦ ልጆች፣ «ወር» ላይ ተጣበቃችሁ እንጂ ገንዘብ የሚያስከፍለው ሌላው ነው። ደብዳቤ «ሂ ኢንሲስትስ ዛት ሺ ፔይ ዘ ታክስ» ካለ «ትክፈል» ማለቱ ነው። «ፔይስ» ካለ ግን «የምትከፍለውማ እሷ ናት» እያለ ነው። ልዩነቷ አንዲት «ኤስ» ናት። ይህ ለእኛ ልጅ ባዕድ አይደለም፤ «እግዜር ይስጥህ» እና «እግዜር ይሰጥሃል» አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። «ጎድ ብለስ ዩ» (እግዜር ይባርክህ) ላይም «ኤስ» የጠፋችው ለዚሁ ነው። ሐሳብ ከማቅረብ (ሰጀስት)፣ ከመምከር (ሪኮሜንድ)፣ ከመጠየቅ (ዲማንድ) ግሶች በኋላ አማርኛው «እንድትከፍል» ካለ «ኤስ»ን ጣሏት። ዋናው ግስ ኀላፊ ቢሆንም «ሂ ሪኮሜንድድ ዛት ሺ ፔይ» ነው። አሉታው «ሺ ኖት ፔይ» እንጂ «ደዝንት ፔይ» አይደለም።

አቤል፦ ጋሽ ታዬ፣ እንግሊዞቹ እኮ «ሺ ሹድ ፔይ» ብለው ይገላገላሉ። እሱ አይበቃም?

ጋሽ ታዬ፦ ለመጻፍ ይበቃል፣ ትክክልም ነው። አሜሪካኖቹ የጻፉትን ሲያነብ ግን «ሺ ፔይ»ን የኅትመት ግድፈት ነው ብሎ «ኤስ» እንዳይቀጥልባት።

ሒሩት፦ ስለ ግማሿ ነጥብ፦ መመሪያው «በመደበኛ እንግሊዝኛ ጻፉ» ብሎ ከሆነ ትቀነስ። ካላለ ይመለስለት፤ ጎኑ ላይ «ወር» ብሎ መጻፍ ግን ለመምህሩ አይከብደውም።