የጋራ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ ሁለት፦ አየርላንድ፣ ሰብዓዊ መብት፣ ሰላም (እና ተራ ቁጥር 7)

ጸሐፊው · ማክሰኞ ማታ 1:40
የማኅበራችን የደሴና የኮምቦልቻ ቅርንጫፎች በጋራ ለለጋሹ የሚያስገቡት ፕሮፖዛል ረቂቅ ሁለት ተያይዟል። አየርላንድ የሚለው ርእስ በጠቅላላ ጉባኤያችን ያለቀ ነው፣ ማንም እንደገና እንዳይከፍተው። ሦስት መድረክ አለን። አንደኛው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጄኔቫ ላይ የያዙት አቋም፣ ሁለተኛው ኮንጎና ኑክሌር፣ ሦስተኛው ኅዳር 2014 ዲፕሎማቶቻቸው ከአዲስ አበባ የተባረሩበት ጉዳይ። ከዚያ ለትምህርት ቤት ክበባት የሚታደል 40 ገጽ መጽሐፍ። ጣሪያው 600,000 ብር ነው፣ የሁለቱም ቅርንጫፍ ፊርማ ግዴታ ነው። ማስገቢያው እሑድ። አስተያየት እስከ ዓርብ ማታ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አላይም።

ገንዘብ ያዥ
በጀቱ ላይ ተራ ቁጥር 7፣ «ሚኒባስ፣ ኮምቦልቻ ደሴ ደርሶ መልስ፣ 48,000»። ረቂቅ አንድ ላይ አልነበረም። ማን አስገባው?

የኮምቦልቻ ተጠሪ
እኔ። ሦስቱም መድረክ ደሴ ነው። ልጆቻችን የሀረጎን ዳገት በእግራቸው ይውጡ?

ገንዘብ ያዥ
ለሦስት ጉዞ 48,000? ሚኒባሱን ልትገዙት ነው?

የኮምቦልቻ ተጠሪ
ሁለት ሚኒባስ፣ ሦስት ቀን፣ ለአንዱ በቀን 8,000፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚጠብቅ። አስላው። ገንዘብ ያዥ አንተ አይደለህ?

የቧንቧ ውሃው
በታሪፍ ተሳፍረው አይመጡም? መናኸሪያው ሞልቶ የለም እንዴ።

የኮምቦልቻ ተጠሪ
ማታ በዚያ ጉም ረዳቱ «ሞልቷል፣ ውረዱ» ሲላቸው አንተ አዝለህ ታወርዳቸዋለህ? የሰው ልጅ ነው፣ ወላጅ አለው። ባለፈው የንባብ ሳምንት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ መናኸሪያ ቆመው የቀሩት የእናንተ ልጆች ቢሆኑ ይሄን አትጽፍም ነበር።

ሸሻ በር
እኔ ደግሞ ሚኒባሱን ትቼ ልጠይቅ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ ደሴ? የንባብ ሳምንቱ ደሴ፣ ጉባኤው ደሴ፣ የመጻሕፍት ርክክቡ ደሴ። አየር ማረፊያው እኛ ጋ፣ ኮምቦልቻ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። አንድ መድረክ እንኳ እዚህ ይሁን ሲባል ለምን ታመማችሁ?

የቧንቧ ውሃው
አዳራሽ የታለ? ባለፈው ያሳያችሁን መጋዘን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በግንቦት ሙቀት ልጆቹን ልትጠብሷቸው ነው።

ሸሻ በር
እናንተ ጋ ደግሞ ልጆቹ ፎጣ ለብሰው ይቀመጣሉ። ብርድ ብርቅ ነው እንዴ?

የአራዳው
ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍን የሠሩት ደሴ ነው ወንድሜ። ስብሰባ እንዴት እንደሚጠራ ይህች ከተማ ታውቃለች 😄

ሸሻ በር
ጀመራችሁ። ንጉሥ ሚካኤል ጠርተውን ቢሆን ምሳ ይኖር ነበር። በእናንተ በጀት ውስጥ ምሳ የለም፣ «ሻይ ቡና» ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ምሳ ይግባ የሚል ካለ ከመጽሐፉ ሕትመት ነው የሚቆረጠው። 600,000 ጣሪያ ነው ተብሏል።

ጡረተኛው መምህር · ረቡዕ ጠዋት 3:10
ሌሊቱን ይህን ሁሉ ጽፋችሁ አየርላንድ የሚል አንድ የለበትም። እኔ ረቂቁን አንብቤያለሁ። አንደኛው መድረክ «አየርላንድ ኢትዮጵያን ደገፈች» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ከሆነማ የምስጋና ደብዳቤ ነው፣ ልጆቹ ከዚህ ምን ይማራሉ? ነገሩ ለመሪያቸው ለዴ ቫሌራ ቀላል አልነበረም። በፈረንጆች መስከረም 1935 ጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ፊት ቆሞ ቃል ኪዳኑ ይከበር ያለው የካቶሊክ አገር መሪ ሆኖ ነው። አገሩ ውስጥ ከሮም ጋር ምን አጣላን የሚለው ብዙ ነበር። በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ከፊት ሆና የያዘችው ደግሞ እንግሊዝ ናት፣ አየርላንድ ከእንግሊዝ እጅ ወጥታ የራሷን መንግሥት ካቆመች ገና 13 ዓመቷ። እንግሊዝ ያለችውን ደግፎ መቆም ለእሱ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያም ሆኖ በኅዳር ሕግ አውጥቶ ማዕቀቡ ውስጥ ገባ። ስሌቱ ግልጽ ነው፣ ጉልበት የሌለው አገር ከሕግ ሌላ ጋሻ የለውም፣ ሕጉ በእኛ ላይ ከተጣሰ ነገ በእነሱም ላይ ይጣሳል።

ቀጥሎ ያለውንም ጻፉት። ማዕቀቡ ነዳጅ አልነካም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ማዕቀቡ ከተጀመረ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው። ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ፣ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመታ። በዓመቱ ሐምሌ 1936 ማዕቀቡ ተነሣ፣ አየርላንድም አብራ አነሣች። መርሕ ይዛ ገብታ አቅም አጥታ ወጣች። ክበብ ውስጥ የሚያከራክረው ይሄ ነው፣ ጭብጨባው አይደለም።

ጸሐፊው
ጋሼ፣ ይህን እንዳለ አስገባዋለሁ።

የሮቢቱ
ሁለተኛውን መድረክ ለኔ ተዉት። አጎቴ ኮንጎ ዘምቶ ነበር፣ ሜዳሊያውም ፎቶውም ቤት አለ። አየርላንዶቹም በዚያው ዘመቻ ነበሩ፣ በ1960 በፈረንጅ ኒየምባ የሚባል ቦታ ላይ በደረሰባቸው ጥቃት 9 ወታደር አጥተዋል። ከ1958 ጀምሮ ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር ወጥተው አያውቁም። ኑክሌሩንም አያይዤ እጽፋለሁ፣ ፍራንክ ኤከን የሚባለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው በ1958 የጀመረው ነው፣ በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሙሉ ድምፅ ተቀበለው፣ የ1968ቱ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚያግደው ስምምነት ከዚያ የመጣ ነው። ሐሙስ ማታ ታገኙታላችሁ ኢንሻአላህ።

ጸሐፊው
በጣም ጥሩ። ሐሙስ።

የኮምቦልቻ ተጠሪ
ተራ ቁጥር 7 ላይ መልስ አላገኘሁም።

ገንዘብ ያዥ
አንድ ሚኒባስ፣ 24,000። ቀሪው በታሪፍ ይምጣ።

የኮምቦልቻ ተጠሪ
የትኛው ልጅ ነው በታሪፍ የሚመጣው? አንተ ምረጥ።

ሸሻ በር
እንዲህ ከሆነ አንፈርምም። ያለ እኛ ፊርማ ለጋሹ ወረቀታችሁን እንደማያየው ታውቃላችሁ።

የአራዳው
አሁን ስለ ሰላም ነው ፕሮፖዛሉ? 😂

ሸሻ በር
አንተ ሳቅ። የትራንስፖርት አበሉን በ2011 ማን እንደበላው ሁሉም ያውቃል።

ገንዘብ ያዥ
ስም ጥራ! ደረሰኙ በሙሉ ፋይል ውስጥ አለ። ስም ጥራ ወይም ከዚህ ውጣ። ስድስት ዓመት ያለ ሳንቲም የሠራሁትን በአንድ መስመር...

ሰብሳቢው
ሁለታችሁም አቁሙ። ሸሻ በር፣ የጻፍከውን አጥፋው። ያ ጉዳይ በኦዲት የተዘጋ ነው።

*(መልእክቱ ተሰርዟል)*

የሆጤዋ · ረቡዕ ማታ 3:25
እናንተ ስለ መኪና ስትጨቃጨቁ ሦስተኛውን መድረክ ያነበበ አለ? እኔ አነበብኩት፣ አልወደድኩትም። ኅዳር 2014 እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ የታመመ የሚወሰድበት የለም። ያኔ አየርላንዶቹ የጸጥታው ምክር ቤት አባል ሆነው ስለ ሰብዓዊ መብት ሲናገሩ የኛን ስም የሰማሁት የለም። አሁን ልጆቹን ሰብስበን «እዩ፣ ሀቀኛዋ ትንሽ አገር» ልንል ነው?

ተማሪው
እትዬ፣ ስልክ ካልነበረ በምን ይሰሙ ነበር?

የሆጤዋ
በኋላም አልሰማሁም የኔ ልጅ። ፈልጌ ነው ያልሰማሁት።

ጡረተኛው መምህር
እሷ ያለችው ነው ሦስተኛው መድረክ። መንግሥታችን ከስድስቱ ዲፕሎማት አራቱን አስወጣ፣ አምባሳደሯና አንድ ሰው ቀሩ። ለ27 ዓመት እርዳታ የሰጠች አገር ናት፣ ኮንሰርን የሚባለው ድርጅታቸውም ወሎ የገባው በረሃቡ ጊዜ በ1973 በፈረንጅ ነው። ይሄ ሁሉ ወዳጅነት እያለ ተናገሩ፣ ተባረሩ። አንዱ ልጅ «ወዳጅ እንዲህ ነው» ይበል፣ ሌላው «የማን ቁስል እንደሚቆጠር ማን መረጠው» ይበል። ደሴ ኅዳር 27 ነጻ ወጣች፣ ታኅሣሥ 8 የሰብዓዊ መብት ምክር ቤቱ በአውሮፓ ኅብረት ጥያቄ ጄኔቫ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ልዩ ስብሰባ ተቀመጠ። በዚህ መካከል የደሴ ሰው ምን ይል ነበር? ይጠየቅ፣ ይጻፍ።

የቧንቧ ውሃው
ገለልተኛ ነን እያሉ በሻነን አየር ማረፊያ የአሜሪካ ወታደር የሚያሳልፉትንም ጻፉ እንግዲህ። አሁን ደግሞ ያቺን ሦስት ቁልፍ የሚሏትን ሊያነሡ ነው።

ተማሪው
ሦስት ቁልፍ ምንድን ነው?

ጡረተኛው መምህር
ከ12 ወታደር በላይ ውጭ ለመላክ መንግሥት፣ ፓርላማና የተባበሩት መንግሥታት ሦስቱም እሺ ማለት አለባቸው። በ2025 በፈረንጅ መንግሥታቸው ሦስተኛውን ሊያስቀር ተነሥቷል፣ በጸጥታው ምክር ቤት ድምፅን በድምፅ የሚሽሩ ኃያላን ስለ እኛ ወታደር አይወስኑም ነው ምክንያቱ። ተቃዋሚዎቹ ገለልተኝነታችን ሊያልቅ ነው ይላሉ። ጥሩ የክርክር ርእስ ነው፣ ለክበብ በጣም ይሆናል።

የአራዳው · ሐሙስ ቀን 7:00
እኔ የምለው ሌላ ነው። ሦስተኛውን መድረክ ይዘን አዳራሽ ብንጠይቅ ደብዳቤውን ማን ይፈርምልናል? ርእሱን ያየ ሰው «ቆዩ እስቲ፣ ላማክር» ብሎ ወር ያስቆየናል። ለምን አናለሰልሰውም?

ጸሐፊው
ማለስለስ ማለት?

የአራዳው
«የአየርላንድ ልምድና የወሎ ሽምግልና» በሉት። አባጋር አለን አይደል እንዴ? ደም ያደረቀ፣ ባላንጣን አንድ ትሪ ያበላ ሽማግሌ እያለን ሰላምን ከደብሊን ብቻ ነው የምናመጣው?

የኮምቦልቻ ተጠሪ
በዚህ እስማማለሁ። ሽማግሌዎቹ ከቃሉም ከወረባቦም ይመጣሉ፣ እነሱ ደግሞ የሚቀርባቸው ኮምቦልቻ ነው።

የቧንቧ ውሃው
ያ ረቢ።

ገንዘብ ያዥ
ሽማግሌ ካለ ምሳ ግድ ነው። ሽማግሌን በሻይ አትሸኝም። ምሳ 90,000 አስገብቻለሁ፣ ሕትመቱ ከ40 ገጽ ወደ 24 ወርዷል።

የሆጤዋ
እኔ ሽምግልናው ይሁን ባይ ነኝ። ግን ሦስተኛውን ለመሸፈን ከሆነ አይደለም። እኔ ያልኩት ይውጣ አይደለም፣ የኛ ቃል ይግባበት ነው።

ጸሐፊው
ሁለቱንም ለማስገባት እየሞከርኩ ነው። የሮቢቱ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።

ጸሐፊው · ሐሙስ ማታ 4:15
የሮቢቱ?

ተማሪው
ከትናንት ጀምሮ መስመር ላይ አልታየም።

ሸሻ በር
ትናንት የጻፍኩትን አጥፍቻለሁ። ገንዘብ ያዣችን ቢያዝንብኝ አይፈረድበትም፣ ይቅር ይበለኝ።

ገንዘብ ያዥ
ይቅር ብያለሁ። ሚኒባሱ ሁለት ይሁን፣ ግን በቀን 7,000፣ 42,000። ሹፌሩን እኔ አነጋግራለሁ።

የኮምቦልቻ ተጠሪ
እሺ። አንድ መድረክ ግን እኛ ጋ።

የቧንቧ ውሃው
ወንበር ከየት?

የኮምቦልቻ ተጠሪ
ከእናንተ ይመጣል።

የቧንቧ ውሃው
የኛ ወንበር በ2014 የሄደው ሄዷል። የተመለሱት ጀርባቸው ላይ የማኅበሩ ቁጥር በቀይ ቀለም የተጻፈባቸው ጥቂት ፕላስቲኮች ናቸው፣ ከእነሱም ሁለቱ እግራቸው ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ነው። ተቀምጦባቸው የሚያውቅ ያውቃል፣ ሱሪ ይቀድዳሉ።

ሸሻ በር
ታዲያ ወንበር ይገዛ። 100 ወንበር ለሁለቱም ቅርንጫፍ። ስለ ሰላም ቆመው ነው የሚወያዩት?

ገንዘብ ያዥ
ለጋሹ ቋሚ ዕቃ እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል። 120,000 ይገባል።

ሰብሳቢው
ወንበሩ ይግባ። ከሁሉም የሚጠቅመን እሱ ነው።

ጡረተኛው መምህር
ሰብሳቢ፣ ምን አልክ?

ሰብሳቢው
ጋሼ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚቀረን ማለቴ ነው።

ጸሐፊው · ዓርብ ማታ 5:50
ረቂቅ አምስት። ርእሱ «የወሎ ሽምግልናና የትናንሽ አገሮች የሰላም ልምድ»። ሁለት መድረክ። አንደኛው ኮምቦልቻ፣ ሽማግሌዎቹ ያሉበት። ሁለተኛው ደሴ፣ አየርላንድ፤ ከጄኔቫ ጀምሮ እስከ ኅዳር 2014 በግማሽ ቀን። ኮንጎና ኑክሌር ጸሐፊ ስላጣ ወጥቷል። መጽሐፉ 16 ገጽ፣ ከእሱ አየርላንድ አምስት ገጽ። ወንበር፣ ሚኒባስ፣ ምሳ ገብተዋል።

ጡረተኛው መምህር
በአምስት ገጽ ዴ ቫሌራንም፣ ሦስት ቁልፍንም፣ የሆጤዋን ቃልም?

ጸሐፊው
ፊደሉን አሳንሼ።

የሆጤዋ
የኔን ቃል አንድ ገጽ ሙሉ ካልሰጣችሁት ስሜን አውጡት።

ጸሐፊው
አንድ ገጽ ይሰጣል። ጋሼ፣ ከእርስዎ ላይ ነው የምቆርጠው።

ጡረተኛው መምህር
ቁረጥ። ማዕቀቡ የተነሣበትን ግን እንዳትነካ።

የኮምቦልቻ ተጠሪ
እኛ ፈርመናል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ማን ጋ ነው?

ገንዘብ ያዥ
ሰብሳቢው ጋ።

ተማሪው
ሰብሳቢው ዛሬ ከሰዓት ለሠርግ ባቲ ሄደዋል፣ እኔ ነኝ መናኸሪያ የሸኘኋቸው። ሰኞ ነው የሚመለሱት።

ገንዘብ ያዥ
ማኅተሙን ይዞ?

ተማሪው
ቦርሳቸው ውስጥ ነው መሰለኝ። ስልካቸው አይነሣም።