የአላስካ የመርከብ ጉዞ፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው መስመር?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ሲያትል የምትኖረው እህቴ በመጪው ክረምት እናታችንንና እኔን በመርከብ ወደ አላስካ ልትወስደን አስባለች። እናታችንን መኪና እንኳ ያጥወለውላታል። ዋጋው የቀነሰ፣ ክፍሉን ግን ድርጅቱ ራሱ የሚመድብበት ቅናሽ ቀርቦልናል፤ እንቀበለው?

መልስ (ሐረር)፦ እንድትተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። መርከብ በማዕበል ሲናወጥ ከጫፎቹ ይልቅ መሃሉ፣ ከላይኛው ይልቅ የታችኛው ፎቅ እንቅስቃሴው ስለሚያንስ፣ ለእናትዎ ክፍሉን ራሳችሁ ምረጡ። በረንዳው በመርከቡ በግራ ይሁን በቀኝ ብላችሁ ግን አትጨነቁ፤ ግሌሸር ቤይ (የበረዶ ግግር የሚታይበት የአላስካ ባሕረ ሰላጤ) ሲደርሱ መርከቦቹ የበረዶ ግግሩ ፊት ስለሚዞሩ ከሁለቱም ወገን ይታያል። ከሲያትል የሚነሱት ብዙውን ጊዜ ከካናዳው ቫንኩቨር ደሴት በስተ ምዕራብ በክፍት ባሕር ሲጓዙ፣ ከካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ የሚነሱት ግን ደሴቱ በሚከልለው የውስጥ መስመር ስለሚያልፉ ለእርሳቸው ይሻላሉ።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ከሁሉም በፊት ቪዛው ይታሰብ። በውጭ አገር የተመዘገቡ መርከቦች ከሲያትል ተነስተው ወደዚያው ሲመለሱ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ ምክንያት አንድ የውጭ ወደብ መንካት ስላለባቸው አብዛኞቹ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ይቆማሉ። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ለካናዳ ቪዛ፣ ለአሜሪካም ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱን ሳትይዙ ተመላሽ የማይሆን ክፍያ አትፈጽሙ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከቫንኩቨር የሚነሳውን፣ መሃል ላይ ዝቅ ያለውን ክፍል እንድትጠይቅ ለእህቴ እጽፍላታለሁ።